ጋሽ ጆሮ፣ ቀይዋ መኪናቸውና የእኔዋ ነጭ

ጋሽ ጆሮን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ዘጠኝ ዓመት አንድ መንገድ ላይ ኖረናል፤ ከእኔ በር እስከ ጋራዣቸው በር መቶ እርምጃ አይሞላም። ሆኖም ከሰላምታ አልፌ ቁጭ ብዬ ያወራኋቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ስለ እሳቸው መጻፍ የሚገባው ሰው እኔ አይደለሁም። የሚገባው ሰው ግን ሲጽፍ አላየሁም፤ እኔም ያን ቅዳሜ ያየሁትን ይዤ ዝም ማለት አልሆንልኝ አለ።

ስሙን ሰምቶ የመጣ እንግዳ ትልልቅ ጆሮ ያለው ሰው ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ረጅም፣ ቀጭን፣ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ ነው፤ ጆሯቸው እንዲያውም ትንሽ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። መኪና ይዘህ ስትገባ ኮፈኑን ክፈት አይሉህም። ጀርባቸውን ለመኪናው፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ይሰጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ነዳጅ ስጠው" ይላሉ። ትሰጠዋለህ።

"ተው።" ትተዋለህ።

"አሁንም።"

ከዚያ ዞር ብለው የታመመውን ቦታ ይነግሩሃል። ሦስተኛው ካንዴላ ነው፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ነው፣ ወይም ደግሞ "ምንም አልሆነም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ" ነው። ካልጠራላቸው ክንድ የሚያክል ካቻቢቴ ከግድግዳው ያወርዳሉ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፉና የእንጨት እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያስደግፉታል። እጀታው በአንድ ጎኑ ብቻ እንደ መስታወት ያበራል፤ አርባ ዓመት ቆዳ አሽቶታል።

ጋራዡ ውስጥ በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል። መዶሻው ሲወርድ ነጭ መዶሻ ይቀራል። ማታ ሲዘጋ አንድ ነጭ ቅርጽ ባዶውን ከታየ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ዕቃው ምናልባት የሰው ሞተር ውስጥ ቀርቶ ይሆናላ! ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው የዘመኑን መኪኖች ችግር የሚያነብ ኮምፒውተር ገዝታ ስትገባ፣ ደንበኛው ሁሉ "አሁን ሽማግሌው ሊቆጣ ነው" ብሎ ነበር። እሳቸው ኮምፒውተሩን ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀቡት። ቦታው ከካቻቢቴው ቀጥሎ ነው። ይህን ያሳየችኝ ልጅቷ ናት፤ ስታሳየኝ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

ቀይዋ መኪና ደግሞ የጋራዡ ጥግ የራሷ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሁለት ካርቡራቶር ያላት የስፖርት መኪና ናት፤ በዕድሜ ልጃቸውን ትበልጣለች። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ባለቤቷ ከግንብ አጋጭቷት ግቢው ውስጥ ጥሏት ነበር። ዶሮዎች መሪዋ ላይ ይሰፍሩ ነበር ይባላል። "ከፊቴ ውሰድልኝ" ሲላቸው በጓደኛቸው በባለታክሲው መኪና በገመድ አስጎትተው አመጧት። ባለታክሲው ይህን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ሌላውም ሰው እንዲረሳ አይፈቅድም። ተሰባብራ የመጣችው መኪና አራት ዓመት ፈጅታ በራሷ ጎማ ወጣች። የዚያን ጊዜ ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

የጋሽ ጆሮ ሚስት እትዬ መኪናዋን የሚጠሯት "ጣውንቴ" እያሉ ነው።

"እሷን በእጁ ያጥባታል፣ ያደርቃታል፣ ብርድ ልብስ ያለብሳታል" አሉኝ አንድ ቀን፣ ባላቸው እየሰሙ። "እኔን ግን ውሃ እንኳ አቀብሎኝ አያውቅም።"

"አንቺ ዝገት የለብሽማ" አሉ ጋሽ ጆሮ።

"ዝገቱስ ነበረ፣ የሚያይ ጠፋ እንጂ!"

የእኔዋ ነጭ የቤት መኪና ናት። አራት በር አላት፤ ሦስት ልጆቼ ከኋላ ተደርድረው ይቀመጡባታል። ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ እኔም ራሴ በየመስኮቱ እያየኋት ሳምንት ከረምኩ። ለጋሽ ጆሮ ማሳየት የነበረብኝ ከመግዛቴ በፊት ነበር፤ ነገር ግን እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ከገዛሁ በኋላ ወሰድኳት።

አልሳቁም። ዙሪያዋን አንዴ ዞሩ። በሯን ከፍተው ዘጉ፤ ደግመው ከፍተው ዘጉ። ከኋላ ወንበር ገብተው ጉልበታቸውን ዘረጉ። የዕቃ መጫኛዋን ከፍተው በክንዳቸው ለኩት።

"ስንት ልጅ አለህ?"

"ሦስት።"

"ሦስቱም ተኝተው ይሄዱባታል። ጥሩ መኪና ነው የገዛኸው።"

"ግን" የሚል ቃል ይከተላል ብዬ ስጠብቅ ባለታክሲው ቀደማቸው። እሱ ጠዋት ጠዋት እዚያ ካልተቀመጠ ቀኑ አይነጋለትም።

"ምን መኪና ነው? ማቀዝቀዣ ነው የገዛው! ነጭ፣ ዝም ያለ፣ በሩ ሲዘጋ ጧ የሚል!"

"ማቀዝቀዣስ ምን አጠፋ?" አሉ ጋሽ ጆሮ። "የሰጡትን ሳያበላሽ ያቆያል። ያንተ ታክሲ እኮ ሰው ጭና ስትደርስ ግማሹ ተበላሽቶ ነው።"

ኮፈኑን ስከፍትላቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ሞተሩ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከላይ የሚታይ አንድ ብሎን የለም። "ይሄ የሷ ነው" አሉና ልጃቸውን ጠሩ። እሷ ኮምፒውተሯን ከመሪው ስር ሰክታ ትንሽ አነበበች፤ ከዚያ ግን እንደ አባቷ ግድግዳውን አይታ ዓይኗን ጨፈነች። "ንጹሕ ናት" አለችኝ። "ኮምፒውተሩ ከየት እንደምጀምር ይነግረኛል። የት እንደምጨርስ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ያን ቀን ጋሽ ጆሮ "እስቲ አንዴ አንሸራሽረኝ" አሉ። ከጎኔ ተቀመጡ፤ የደህንነት ቀበቶውን አላሰሩም። መኪናዬ ተሳፋሪ ሳያስር ሲቀር የማይለቅ ቀጭን ደወል አላት፦ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ። ደወሉ እየጮኸ ዋናውን መንገድ ተያያዝነው። ጋሽ ጆሮ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"እንዴት ያለች ዝምተኛ ናት" አሉ። "ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።"

ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ።

በመኪናዬ ላይ እየቀለዱ መሰለኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ስቄ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት እሷ አልሳቀችም።

"ምናልባት አልሰሙት ይሆናል" አለች።

"ጋሽ ጆሮ? ደወል? አንቺ ደግሞ!" አልኳት። ለእሳቸው ብዬ ከልቤ ተቆጣሁ።

በሳምንቱ "አሁን ደግሞ የኔን እያት" ብለው በቀይዋ ወሰዱኝ። ወደ እሷ መግባት ራሱ ሙያ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ቁጭ ይባላል፣ ከዚያ እግር አንድ በአንድ ይሰበሰባል። መቀመጫው ለመሬት ከመቅረቡ የተነሳ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ ቋጥኝ መስሎ በአጠገቤ ያልፋል። ነፋሱ ፀጉሬን፣ የነዳጁ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። መሪውን በሁለት እጃቸው ታግለው ነው የሚያዞሩት፤ ማርሽ ሲቀይሩ ትከሻቸው አብሮ ይቀይራል። ዳገቱ ላይ ስትጮህ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር አብሯት ጮኸ። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደዚያ ያለ ነገር ተሰምቶኝ ስለማያውቅ አፈርኩ።

ዳገቱ አናት ላይ ቆምን።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "የትኛዋ ትሻላለች?"

"በፍሬን ያንተዋ" አሉ ወዲያው። "በዝናብ ያንተዋ፤ የኔዋ ሲዘንብባት እኔን ነው የምታጥበኝ። በነዳጅ ያንተዋ። በወገብ ያንተዋ። ሚስትህ ብታምጥ በየትኛዋ ትወስዳታለህ? ባንተዋ።"

"ታዲያ የእርስዎ በምን?"

ሞተሩን አላጠፉትም ነበር። እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አደረጉ።

"የኔዋ ስትታመም ለሰው ትነግራለች። ያንተዋ የምትነግረው ለኮምፒውተር ነው። እኔ የማውቀው የኔዋን ቋንቋ ብቻ ነው፤ አርባ ዓመት በሱ በላሁ።" ቀጥለው ወደ ታች፣ ወደ ጋራዣቸው ጣሪያ እያዩ "ልጄ ግን ሁለቱንም ትናገራለች" አሉ። "እንደሷ ያለ በዚህ ከተማ ካለ አሳየኝና እጄን ልስጥህ።"

ይህን ሲሉ የነበረውን ፊታቸውን ነው ልጽፍ የተነሳሁት፤ ከዚያ የተሻለ ነገር መጻፍ አልችልም።

ችግሩ ደንበኛው እንዲህ አለማሰቡ ነበር። ልጅቷ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ሙያውን በትምህርትም በእጅም ታውቀዋለች። ሆኖም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቃት "አባትሽ የለም እንዴ?" ብሎ ነው። አዳዲሶቹን መኪኖች ይሰጧታል፤ ኮምፒውተር ስለያዘች። አሮጌ መኪና ያለው ግን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አባቷን ይጠብቃል። ከሁሉ የባሰው ባለታክሲው ነው። አንድ ቀን የታክሲውን ኮፈን ልትከፍት ስትል እጇን ያዘው።

"ተዪው የኔ ልጅ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ" አለችው። "እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቦካ የኖረ ሊጥ ነኝ፤ እስካሁን እራት አልደረሰም?"

ባለታክሲው ሳቀ፤ ቁልፉን ግን አልሰጣትም።

እንዲህ እያለ ከከተማው ማዶ ያለ አንድ ትልቅ የጥገና ድርጅት "የክፍል ኃላፊ አድርገን እንቅጠርሽ" አላት። መልሷን እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ። ለአባቷ ስትነግራቸው እኔ መኪናዬን ላሳጥብ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መሄድ አቃተኝ።

"አባዬ፣ እኔ ከዚህ መሄድ አልፈልግም" አለች። "ግን ረዳት ሆኜ አላረጅም። ወይ ጋራዡ የእኔ መሆኑን ሰው ይወቅ፣ ወይ ልሂድ።"

ጋሽ ጆሮ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ። የጠረጉትን ጣት መልሰው ጠረጉት።

"ቅዳሜ ልደትሽ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ፈተናው አለ። ካገኘሽው የቀይዋም የጋራዡም ቁልፍ በሰው ፊት ያንቺ ነው። ካላገኘሽው ሂጂ፤ መርቄ እሸኝሻለሁ።"

ፈተናው የቤተሰቡ ነገር ነው። ቀይዋ ተሠርታ ከወጣችበት ዓመት ጀምሮ፣ በልጅቷ ልደት ጠዋት ጋሽ ጆሮ ማንም ሳያይ መኪናዋ ላይ አንድ ነገር ያበላሻሉ። እሷ በጆሮዋ ብቻ፣ ኮፈን ሳትከፍት፣ ማግኘት አለባት። እትዬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድተው መስኮቱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሻዩ ከመቀዝቀዙ በፊት መልስ መሰጠት አለበት። አንድ ዓመት የካንዴላ ገመድ ነቅለው ነበር፤ ሌላ ዓመት የማርሚታ ብሎን አላልተው። አንድ ጊዜ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የጎማ ሽፋን ውስጥ ጨምረው ልጅቷን ግማሽ ቀን አስለቅሰዋታል። አንድ ጠንካራ ሕግ አለ፦ ያልተበላሸ ነገር ተበላሽቷል ያለ ወድቋል። "ጤነኛ ሞተር የሚፈታ መካኒክ ከሌባ አይለይም" ይላሉ ጋሽ ጆሮ። አምና የወደቀችው በዚህ ሕግ ነው፤ ቸኩላ ደህናውን ቫልቭ "ላልቷል" አለች። ያንን ባለታክሲው ዓመቱን ሙሉ ሲያስታውሳት ከርሟል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰባት ስምንት ሰው ተሰብስቧል። ባለታክሲው ወንበር ይዞ መጥቷል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እትዬ ሻዩን ቀድተው መስኮቱ ላይ አኖሩና "እንግዲህ ጣውንቴ፣ ልጄን እንዳታሳፍሪያት" አሏት መኪናዋን።

ጋሽ ጆሮ ቀይዋ ውስጥ ገብተው አስነሷት። ልጅቷ ጀርባዋን ለመኪናዋ፣ ፊቷን ነጭ መሣሪያዎች ለተሳሉበት ግድግዳ ሰጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ነዳጅ ስጣት" አለች።

ጋሽ ጆሮ ሰጧት።

"ተው።"

ተዉ።

አርባ ዓመት ሰውን በዚህ ቃል ሲያዙ የኖሩት ሰውዬ ልጃቸው "አሁንም" ስትላቸው እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይታዘዛሉ። ለእኔ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይጮኻል፤ ሌላ ምንም አልለየሁም።

ልጅቷ ዞረች።

"የኋለኛው ካርቡራቶር ከእግሩ ስር አየር ይስባል። ብሎኑ ላልቷል። የግራው።"

ጋሽ ጆሮ ፊታቸው በራ። አፋቸውን ለመናገር ሲከፍቱ እጇን አነሳች።

"ቆይ አባዬ። ሌላም አለ።"

ፈገግታቸው ባለበት ቆመ። "እኔ የነካሁት አንድ ብሎን ነው" አሉ።

"አንተ የነካኸውን አላልኩም። መኪናዋ ላይ ያለውን ነው ያልኩት። ዲናሞዋ ታፏጫለች። ቀጭን ነው ድምፁ፣ በጣም ቀጭን። የውስጡ ኩሽኔታ ቅባቱ አልቆ ደርቋል።"

ባለታክሲው ከወንበሩ ተነሳ።

"አበቃ! አበቃ! ሕግ ሕግ ነው! አግኝተሽው ነበር እኮ፣ ምን አስቀባጠረሽ? ያልተነካ ጠራች፣ ወደቀች!"

"ያልተነካ አልተባለም፣ ያልተበላሸ ነው የተባለው" አለች ልጅቷ። ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር። መልሷን ይዛ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉ ነገር የእሷ ነበር፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ሰኞ የት እንደምትውል የሚወስነው አሁን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ባለታክሲው ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደቀነ። "ኧረ ምንም የለም! የምን ፉጨት?"

"አንተማ የገዛ ጥሩምባህን አትሰማም" አሉ እትዬ።

ጋሽ ጆሮ ከመኪናዋ ቀስ ብለው ወረዱ። ኮፈኑን ከፈቱ። ጆሯቸውን ወደ ዲናሞው አስጠጉ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥለው ግራውን። ከዚያ ሄደው ካቻቢቴውን ከነጭ ጥላው ላይ አወረዱ። ጫፉን ዲናሞው ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ አስደገፉ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ጋሽ ጆሮ ሲያዳምጡ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ቀን ግን አልጨፈኑም። ካቻቢቴው አጥንታቸው ላይ እንዳለ የሚያዩት ልጃቸውን ነበር። እሷም አታቀረቅርም፤ እሳቸውን ታያለች። ሌሎቻችን እዚያ የለን ይመስል ነበር።

ካቻቢቴውን አወረዱ። ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው መዳፏ ላይ አስቀመጡ፤ የጋራዡም ቁልፍ አብሮት ተንጠልጥሏል።

"ልክ ናት" አሉ።

"ሰማኸው?" አለ ባለታክሲው።

"ልክ ናት አልኩህ።"

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ይፈታና እንየው!"

"ይፈታ" አለች ልጅቷ። መፍቻ አነሳች። ዲናሞውን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። ማንም አልተቀመጠም። እትዬ ብርጭቆውን በጣታቸው ነክተው "መልስ ስትሰጥ ገና ትኩስ ነበር፣ እኔ ምስክር ነኝ" አሉ፣ የጠየቃቸው ሳይኖር። ኩሽኔታው ወጣ። ቀለበት የመሰለ ትንሽ ብረት ነው። ልጅቷ በጣቷ አዞረችውና ምንም ሳትል ለባለታክሲው ሰጠችው።

አዞረው። ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስል ተንኳኳ። ቅባቱ አልቆ ብረቱ ጠቁሯል። ደግሞ አዞረው። ወደ ጆሮው አስጠግቶም አዞረው። ለጎረቤቱ ሰጠ፤ እሱም አዞረና ለቀጣዩ አሳለፈ። እንዲያ እያለ ብረቱ ዙሩን ጨርሶ እኔ ጋ ደረሰ፤ እኔም እንደሚያውቅ ሰው አዞርኩት።

ባለታክሲው ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ጋሽ ጆሮ ከጎኑ ቆመዋል፤ እሱ ግን አልፏቸው ሄደ።

"ልጄ" አላት፤ ቁልፉን ዘረጋላት። "የኔም ሰሞኑን ዳገት ላይ ታጉረመርማለች። ስትመችሽ እያት።"

"ለእራት ይበቃል?" አለችው።

"ለድግስ" አለ።

ያኔ ነው የጋሽ ጆሮን ፊት ማየት። ሳቃቸውን ለመደበቅ ይመስል ካቻቢቴውን ወደ ቦታው ሊሰቅሉ ዞሩ፤ ጀርባቸው ግን ይስቅ ነበር። ሰቀሉት። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ መልሰው አወረዱትና በልጃቸው ቱታ ኪስ ውስጥ ሰኩት። ርዝመቱ ክርኗ ጋ ደረሰ። አውጥታ ቦታው ላይ ሰቀለችው። "እዚያ ነው የሚያምረው" አለች። "ስፈልገው አወርደዋለሁ።"

ከመደርደሪያው አዲስ ኩሽኔታ አግኝታ ገጠመች፤ የካርቡራቶሩንም ብሎን አጠበቀች። ቀይዋ ስትነሳ እትዬ "ዛሬ እኔ ነኝ የምቀመጥባት" ብለው ገቡ፤ በሃያ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው አሉ። ቀይዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ ለጋሽ ጆሮ ቦታ ጠፋ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ማቀዝቀዣህን አምጣት" አሉኝ። "እንከተላቸው።"

በነጯ ወጣን። ልጅቷ ከፊታችን ዳገቱን ይዛለች፤ የእትዬ ሻርፕ በነፋሱ ይውለበለባል። ጋሽ ጆሮ ቀበቶ አላሰሩም። ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ ይላል ደወሉ። እሳቸው ወደፊት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ማርሹን የቀየረችበትን አየህ? ሞተሩ ሳይለምናት በፊት ነው የሰጠችው። እኔ እንደዚያ መቀየር የቻልኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው።"

ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ።

"ዝም ብትል እኮ አልፋ ነበር" አሉ። "አንድ ብሎን ጠርታ ቁልፏን ትወስድ ነበር። ፈርታ ያለውን የለም አላለችም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጋራዥ የሚገባው። የኔ ልጅ ናት። የኔ!"

ደወሉ በመጨረሻ ራሱ ሰልችቶት ዝም አለ። ባለቤቴ "ምናልባት አልሰሙት ይሆናል" ያለችኝ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ ይዤ አንድ ሁለት መታጠፊያ አለፍኩ። መጠየቅ አልችልበትም፤ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋብኛል። ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ መኪናዬም ዝምተኛ ናት።

"ጋሼ" አልኳቸው። "ዲናሞው ሳይፈታ በፊት ልክ ናት ሲሉ... ፉጨቱን ሰምተውት ነበር ወይስ እሷን አምነው ነው?"

ጋሽ ጆሮ ከቀይዋ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። ዳገቱ ላይ ስትጮህ በተዘጋው መስኮት በኩል እንኳ ይሰማ ነበር።

"መንገድህን እይ" አሉኝ። "እንዳትጠፋህ።"